የነባር ሕዝቦችን ዘመናዊ ውዝዋዜ ፎቶ ለማንሳት፤ የቱ ይሻላል?

ውዝዋዜ ፎቶ ማንሳት የሚፈልግ ሰው ቶሎ የሚጠይቀው ስለ ሌንስ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ እንመጣበታለን። ከሌንሱ በፊት ግን አንድ ነገር መታየት አለበት፤ ውዝዋዜው ክብደቱን የሚጥለው ወዴት ነው?

ባሌት የሚያነሳ ሰው ጣቱን የሚያዘጋጀው ለዝላይ ነው። ተወዛዋዡ አየር ላይ ለቅጽበት የቆመ ሲመስል ይጫናል። በአውስትራሊያ፣ በኒውዚላንድና በካናዳ ነባር ሕዝቦች የዛሬ መድረክ ላይ ግን ነገሩ ብዙ ጊዜ የተገላቢጦሽ ነው። ጉልበት ይታጠፋል፣ ወገብ ዝቅ ይላል፣ እግር መሬቱን ይመታል። ኃይሉ ወደ ታች ነው የሚሄደው። ዝላይ ሲጠብቅ ያመሸ ፎቶ አንሺ ዋናው ነገር ያመልጠዋል።

ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች በአብዛኛው የምመዝናቸው በዚህ ነው፤ ተወዛዋዡ ከመሬቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳያሉ ወይስ ይቆርጡታል?

የምናወራው ስለነማን እንደሆነም ግልጽ ይሁን። ባንጋራ ዳንስ ቲያትር በ1989 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) ሲድኒ ውስጥ የተመሠረተ የአቦሪጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦች ቡድን ነው። ስቲቨን ፔጅ ከ1991 ጀምሮ ለሦስት አሥርት ዓመታት መርቶታል፤ ከ2023 ወዲህ የምትመራው ፍራንሰስ ሪንግስ ናት። የኒውዚላንዱ የማኦሪ ቡድን አታሚራ እና ሳንድራ ላሮንድ ቶሮንቶ ላይ የመሠረተችው ሬድ ስካይ ፐርፎርማንስ ሁለቱም በ2000 ነው የተቋቋሙት። እነዚህ ሰዎች የድሮ ነገር ደግመው የሚያሳዩ አይደሉም። ከአያቶቻቸው የወረሱትን እንቅስቃሴ ይዘው የዛሬን ጥያቄ የሚያነሱ፣ የራሳቸውን ሥራ የሚፈጥሩ ባለሙያዎች ናቸው።

መድረክና ሥርዓት ግን ይለያያሉ። በአሜሪካዋ አሪዞና የሚኖሩት ሆፒዎች ሥርዓታዊ ጭፈራቸው ፎቶ እንዳይነሳ ከከለከሉ ቆይተዋል። ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ባሉ ብዙ የፑዌብሎ ነባር ሕዝቦች መንደሮችም በበዓል ጭፈራ ቀን ካሜራ አይፈቀድም። እዚያ የሚመረጥ ነገር የለም፤ ካሜራው ቦርሳ ውስጥ ይቆያል። በሰሜን አሜሪካ ፓው ዋው በሚባሉት የነባር ሕዝቦች የጭፈራ ስብሰባዎች ላይ ደግሞ ካሜራ መቼ እንደሚወርድ አስተዋዋቂው በድምፅ ማጉያ ይናገራል። እሱን መስማት ግዴታ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ለተመልካች ተብሎ የተዘጋጀውን የመድረክ ሥራ ነው።

ልምምድ፣ ትርኢት ወይስ የብቻ ቀጠሮ?

ከሁሉም የሚበልጠው ምርጫ ይሄ ነው። የትኛውም ሌንስ የዚህን ያህል ውጤቱን አይለውጥም።

የመጀመሪያው አማራጭ የመጨረሻው ልምምድ ነው። ልብስ ተለብሶ፣ የሰውነት ቀለም ተቀብቶ፣ መብራቱ እንደ ትርኢቱ ምሽት እየበራ የሚደረገው ማለቴ ነው። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው፣ ስለዚህ ትንቀሳቀሳላችሁ። የካሜራ ድምፅ የሚረብሸው ተመልካች የለም። ቡድኖች ለጋዜጣና ለማስታወቂያ የሚሆን ፎቶ የሚያስነሱት በአብዛኛው በዚህ ሰዓት ነው። ጉድለቱ አንዳንድ ተወዛዋዦች ጉልበታቸውን ለመክፈቻው ምሽት መቆጠባቸው ነው፤ እንቅስቃሴውን ያመለክታሉ እንጂ እስከ መጨረሻው አይሄዱበትም። የመብራት ባለሙያውም ገና እያስተካከለ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ትርኢቱ ራሱ ነው። ኃይሉ ሙሉ ነው። ተመልካቹ ትንፋሹን ሲውጥ ተወዛዋዦቹ ይሰማቸዋል፣ ፊታቸው ላይም ይነበባል። ግን አንድ ወንበር ላይ ተቸንክራችሁ ነው የምታመሹት። የካሜራው ስክሪን ብርሃን ራሱ ከኋላ ያለውን ሰው ይረብሻል። ሠላሳ ሰው ምሽቱን የሚያበላሽበት ፎቶ፣ ቢያምርም፣ ዋጋው ውድ ነው።

ሦስተኛው ከተወዛዋዥ ጋር ለብቻ ተቀጣጥሮ ስቱዲዮ ውስጥ ወይም ሜዳ ላይ ማንሳት ነው። መብራቱ በእጃችሁ ነው፣ እንቅስቃሴው ይደገማል። ለፖስተርና ለመጽሔት ሽፋን ከዚህ የሚሻል የለም። አደጋው ደግሞ እዚህ ነው ያለው። ፎቶ አንሺው የሚያምር ቅርጽ ሲፈልግ፣ ትርጉም ያለውን እንቅስቃሴ ከታሪኩ ነቅሎ «እጅህን ትንሽ ከፍ አድርገው» ማለት ይጀምራል። ያ እጅ እዚያ ከፍታ ላይ የሆነው በምክንያት ሊሆን ይችላል። የውዝዋዜው አቀናባሪ ወይም የቡድኑ የባህል አማካሪ አብሮ ቢገኝ ይህ ችግር በግማሽ ይቀንሳል። ሜዳ ላይ ከሆነ ደግሞ ቦታውም ባለቤት አለው። ለምሳሌ በአውስትራሊያው ኡሉሩ ካታ ጁታ ብሔራዊ ፓርክ ለንግድ የሚሆን ፎቶ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ከኡሉሩ ዓለት ዙሪያ ደግሞ ጨርሶ ፎቶ የማይነሳባቸው ቅዱስ ስፍራዎች አሉ።

የእኔ ምርጫ የመጨረሻው ልምምድ ነው፣ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ፤ ከዚያ በፊት ሥራውን አንድ ጊዜ ያለ ካሜራ ማየት። ብዙ ቡድኖች ከጠየቃችኋቸው ስቱዲዮ ልምምድ ላይ ቁጭ ብላችሁ እንድታዩ ይፈቅዳሉ። እግሩ መቼ እንደሚመታ፣ መብራቱ ከየት ጎን እንደሚመጣ፣ ዝምታው የት ጋ እንደሆነ የምታውቁት ያን ጊዜ ነው። ሳያውቅ የገባ ሰው ሁልጊዜ ከእንቅስቃሴው ኋላ ነው የሚጫነው።

የት ልቀመጥ?

ፊት ለፊት፣ የመጀመሪያው ረድፍ ያጓጓል። ፊቶቹ ቅርብ ናቸው፣ ላቡ ይታያል። ግን ዓይናችሁ ከመድረኩ ወለል ጋር እኩል ሲሆን ወለሉ ቀጭን መስመር ይሆናል። አሸዋ ተበትኖ፣ በነጭ ዱቄት መስመር ተሠርቶ ወይም ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ቢሆን፣ ከዚያ ቦታ አይታይም። አንዳንድ ጊዜ የመድረኩ ጠርዝ እግሩን ራሱ ይቆርጠዋል።

ከፍ ያለ መካከለኛ ረድፍ ላይ ስትሆኑ ወለሉ ይከፈታል። ሰዎቹ የሚሠሩት ቅርጽ፣ ጥላቸው፣ ከኋላቸው የሚተዉት የእግር ዱካ ሁሉ ምስሉ ውስጥ ይገባል። ከሰገነት ሲነሳ ደግሞ ወለሉ ራሱ ሥዕል ይሆናል፣ ፊት ግን ይጠፋል። አንድ ቦታ ብቻ ከተሰጣችሁ መካከለኛውን ውሰዱ። ልምምድ ላይ ከሆናችሁና መንቀሳቀስ ከቻላችሁ ለትልልቅ የቡድን ክፍሎች ላይ ሁኑ፣ ለብቻ ውዝዋዜ ውረዱ።

የመድረክ ጎንም አማራጭ ነው። ብርሃኑ ብዙውን ጊዜ ከጎን ስለሚመጣ አቧራና የላብ ጠብታ ከዚያ በኩል ይደምቃሉ። ግን እዚያ የሚገባው የመድረክ ሥራ አስኪያጁ ከፈቀደ ብቻ ነው፤ ተወዛዋዦች በጨለማ ሮጠው የሚወጡበት መንገድ ስለሆነ ቦርሳና ትሪፖድ አደገኛ ናቸው።

ሌንስ

ሦስት አማራጭ አለ ማለት ይቻላል።

ከ24 እስከ 70 ሚ.ሜ የሚሄደው፣ አፐርቸሩ (ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ፤ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ይሰፋል) እስከ ኤፍ 2.8 የሚከፈተው ዙም ለዚህ ዓይነት ውዝዋዜ የመጀመሪያው ሌንስ ነው እላለሁ። ሰውየውንም መሬቱንም ይይዛል። ከ70 እስከ 200 የሚሄደው ብዙዎች መጀመሪያ የሚገዙት ነው። ፊት ለማንሳት ወደር የለውም፤ የማኦሪ ተወዛዋዥ ዓይኑን አፍጥጦ ፑካና ሲያሳይ ያን ቅጽበት የሚያመጣው እሱ ነው። ግን ረጅም ሌንስ ሰውን ወገቡ ላይ እንድትቆርጡ ይገፋፋል። ከምሽቱ በኋላ ፎቶዎቹን ስታዩ እግር የሚባል ነገር የለም።

ሦስተኛው ዙም የሌለው 50 ወይም 85 ሚ.ሜ፣ ኤፍ 1.8 ነው። ዋጋው ከሁለቱ ዙሞች በጣም ያነሰ ነው፣ ብርሃን ደግሞ ይሰበስባል። ኤፍ 2.8 ላይ አይኤስኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜታዊነት) 6400 የሚጠይቅ ትዕይንት ኤፍ 1.8 ላይ 2500 ገደማ ይበቃዋል። መብራቱ ደብዛዛ ለሆነ ሥራ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ዋጋ የምትከፍሉበት በሌላ በኩል ነው፤ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ስለሚጠብ ሁለት ተወዛዋዦች ፊትና ኋላ ከሆኑ አንዱ ይደበዝዛል። እነዚህ ሥራዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ኮከብ ሳይሆን ስለ ቡድን ናቸው። የኋለኛውን ሰው ማደብዘዝ የሥራውን ሐሳብ ሊያዛባ ይችላል።

ገንዘብ ለአንድ ብቻ ከሆነ የመጀመሪያውን። ለሱም ካልበቃ 50ውን ይዛችሁ በእግራችሁ ቅረቡ። ፍላሽ የሚለው አማራጭ ውስጥ አይገባም፤ የመብራት ባለሙያውን ሥራ ያጠፋል፣ በጨለማ የሚዘለውን ሰው ዓይን ያጭበረብራል።

ማስቆም ወይስ ማስፈሰስ?

የሹተር ፍጥነት (ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ላይ የተለመደው ምክር «1/500 ሰከንድና ከዚያ በላይ» የሚል ነው። ለብዙ ነገር ይሠራል። እግር ወለሉን ሲመታና አቧራ ሲነሳ 1/500 ላይ አቧራው በአየር ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። 1/250 ላይ ደግሞ ቅንጣቶቹ አጭር ጭረት መሥራት ይጀምራሉ፤ እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ፣ አቧራው ከየት ወዴት እንደሄደ ይታያልና።

ምክሩ የሚፈርስበት ቦታ አለ። በማኦሪ ውዝዋዜ ውስጥ ዊሪ የሚባል የእጅ መንቀጥቀጥ አለ። ተወዛዋዡ ገላውን ጸጥ አድርጎ ይቆምና መዳፉና ጣቶቹ በፍጥነት ይርገበገባሉ። በማኦሪ ትረካ ይህ በበጋ ሙቀት ከመሬት ላይ የሚርገበገበው አየር ነው፤ የፀሐይና የበጋ ልጅ የሆነው ታኔሮሬ ሲጨፍር ማለት ነው። 1/1000 ላይ ብታነሱት ምን ይወጣል? ዝም ብሎ የተዘረጋ እጅ። ዋናው ነገር ከፎቶው ወጥቷል። 1/60 ወይም 1/30 ላይ ግን ፊትና ትከሻ ጥርት ብለው ይቀራሉ፣ ጣቶቹ ብቻ ይበተናሉ። ያኔ ዊሪው አለ።

ሌላ ቦታ ደግሞ ወደ 1/8 መውረድ ይቻላል፣ በተለይ ቡድኑ አንድ ላይ ሲዞር። ግን እሱን ብዙ አታብዙት። ጭጋግ የመሰለ ፎቶ ለማንሳት ቀላል ነው፣ በውስጡ ግን ሰው የለም። የነባር ሕዝቦችን ሰዎች ስም አልባ ጥላ አድርጎ የማሳየት ልማድ ረጅም ዕድሜ አለው፤ እሱን መቀጠል አያስፈልግም።

እግር ሲመታ ለመያዝ ከዓይን ይልቅ ጆሮ ይረዳል። ከምቱ በፊት ተወዛዋዡ ትንፋሽ ይስባል፣ ትከሻው ትንሽ ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ተጫኑ። የምቱን ድምፅ ሰምታችሁ ከተጫናችሁ አልፏል።

ጸጥተኛው ሹተር ወይስ ሜካኒካሉ?

ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ ያለው ሰው ሁሉ ያለ ድምፅ የሚያነሳውን ጸጥተኛውን ሹተር መጠቀም ይፈልጋል። ለትርኢት ምሽት ትክክል ነው። ግን ሁለት ነገር እወቁ። አንደኛ፣ በአብዛኞቹ ካሜራዎች ጸጥተኛው ሹተር ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ነው የሚያነበው፤ በፍጥነት የሚወርድ ክንድ ወይም በእጅ የተያዘ ዱላ ይጣመማል። ሁለተኛ፣ የዛሬ መድረክ በኤልኢዲ ነው የሚበራው። ኤልኢዲ በዓይን በማይታይ ፍጥነት ይበራል ይጠፋል፤ ጸጥተኛው ሹተር ይህን እንደ ጥቁርና ደማቅ ዝርግ መስመር ይይዘዋል። ነጭ ቀለም የተቀባ ደረት ላይ ያ መስመር ሲያርፍ ፎቶው አለቀለት።

በጣም ፈጣን ንባብ ያላቸው ውድ ካሜራዎች ችግሩን ይቀንሱታል። ሶኒ በ2023 ያስተዋወቀው ሦስተኛው አልፋ 9 ምስሉን በአንድ ጊዜ ስለሚያነብ መጣመሙን ጨርሶ ያስወግደዋል። ለአብዛኞቻችን ግን መፍትሔው ቀላል ነው፤ ልምምድ ላይ ሜካኒካሉን ተጠቀሙ፣ ማንም አይረበሽም። ትርኢት ላይ ጸጥተኛውን አድርጉና ፍጥነቱን ዝቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ከመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች አንዱን አጉልቶ ማየት አይረሳ።

ቀለም ወይስ ጥቁርና ነጭ?

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ አስተያየት አለኝ። ጥቁርና ነጭ ለዳንስ «ክላሲክ» ይባላል፣ ብዙ ሰው ይወደዋል። ግን በአቦሪጂናል ውዝዋዜ ገላ ላይ የሚቀባው የአፈር ቀለም ቀይ፣ ቢጫ፣ ነጭና ጥቁር ጌጥ ብቻ አይደለም። አፈሩ ከአንድ አገር የመጣ ነው፣ ቀለሙና አቀባቡ ከዚያ አገርና ከሰዎቹ ጋር ይያያዛል። ባንጋራ በ1990ዎቹ አጋማሽ ስለነዚሁ አራት ቀለሞች አንድ ሙሉ ሥራ ሠርቷል። ያን ወደ ግራጫ መቀየር ቋንቋውን መደምሰስ ነው። ቀይና ቢጫው በግራጫ ላይ እርስ በርስ ይቀላቀላሉ፣ ከቆዳውም ጋር።

ታዲያ ጥቁርና ነጭ መቼ ይጠቅማል? መድረኩ በንጹሕ ሰማያዊ መብራት ሲጥለቀለቅ። ቀይ አፈር ሰማያዊ ብርሃንን ስለማያንጸባርቅ ጥቁር ሆኖ ነው የሚታየው። ቀለሙ አስቀድሞ ጠፍቷል። እዚያ ጥቁርና ነጭ ምንም አይነጥቅም። የአፈሩን ቀለም ከፈለጋችሁ ነጭ ወይም ሞቅ ያለ የጎን መብራት የሚበራበትን ክፍል ጠብቁ። ሥራውን አስቀድሞ ማየት የሚጠቅመው ለዚህም ነው።

የብርሃን መለኪያውን በተመለከተ ጥቁር ዳራ ካሜራን ያሳስተዋል፤ ትዕይንቱ የጨለመ መስሎት ነጩን ቀለም ያቃጥለዋል። ደማቁን ቦታ የሚጠብቅ መለኪያ ካለው እሱን ምረጡ፣ ከሌለው አንድ ስቶፕ ገደማ (ብርሃኑን በግማሽ) ቀንሱ። በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሱ፣ በጄፔግ አይሁን። ኋላ ስታስተካክሉ ደግሞ ጥላውን በጣም እያነሳችሁ ጥቁር ቆዳን አታገርጡ። የመብራት ባለሙያው ያን ጥላ ፈልጎ ነው ያስቀመጠው።

ማጽዳት ወይስ መተው?

የጉልበት መከላከያ ይታያል። ወለሉ ላይ የምልክት ፕላስተር አለ። የአንዱ ተወዛዋዥ ክንድ ላይ ንቅሳት፣ የሌላው ጆሮ ላይ ማይክ። ኮምፒውተር ላይ ማጥፋት ቀላል ነው። ይጥፋ?

ኤድዋርድ ከርቲስ የሚባለው አሜሪካዊ ፎቶ አንሺ በ1910 ገደማ ፒጋን የሚባሉትን የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝብ ሰዎች ድንኳናቸው ውስጥ አንስቷል። በሁለቱ ሰዎች መካከል የጠረጴዛ ሰዓት ነበር። ለኅትመት ሲያዘጋጀው ሰዓቱን አጠፋው። ሰዎቹ በዘመኑ የሚኖሩ ሳይሆኑ ከዘመኑ ውጭ የቀሩ መሰሉ። ዛሬ የነባር ሕዝቦች አርቲስቶች ከሚታገሉት ነገር አንዱ ይሄው እይታ ነው፤ «እናንተ የድሮ ሰዎች ናችሁ» የሚለው።

ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ይከፈል። ዓይን የሚያሰናክል የወለል ፕላስተር ቡድኑ ካልተቃወመ ይጥፋ። ከሰው ገላ ላይ ያለን የዛሬ ነገር ግን ተዉት። ማይኩም፣ መከላከያውም፣ ንቅሳቱም የዛሬ ተወዛዋዥ መሆኑን ይናገራሉ።

ከአዳራሹ የተገኘ ፈቃድ ወይስ ከባለቤቶቹ?

የአዳራሹ ፈቃድ በሩን ያሳልፋል። ከዚያ አይበልጥም። ሥራው ውስጥ ያለው ታሪክ ወይም የአካል ላይ ንድፍ የአንድ ማኅበረሰብ ወይም ቤተሰብ ሊሆን ይችላል፣ ቡድኑም ለመድረክ ሲያመጣው ከእነሱ ጋር ተስማምቶ ነው። ለመድረክ ተፈቀደ ማለት ለቲሸርት ተፈቀደ ማለት አይደለም። በብዙ አገር የቅጂ መብት ሕግ መሠረት ፎቶው የአንሺው ወይም የአሠሪው ነው፤ ውስጡ ስላለው ንድፍና ታሪክ ግን ያ ሕግ ብዙም አይናገርም።

የተባበሩት መንግሥታት የነባር ሕዝቦች መብቶች መግለጫ በመስከረም 2007 (እ.ኤ.አ.) ሲጸድቅ 144 አገሮች ደግፈውታል። የተቃወሙት አራት ናቸው፤ አውስትራሊያ፣ ካናዳ፣ ኒውዚላንድና አሜሪካ። በኋላ አራቱም አቋማቸውን ለውጠዋል። አንቀጽ 31 ሕዝቦቹ በባህላዊ መገለጫዎቻቸው ላይ፣ የመድረክ ጥበብን ጨምሮ፣ መብት እንዳላቸው ይናገራል። ጉዳዩ ወረቀት ብቻ እንዳልሆነ የሚያውቁት ካናዳውያኑ ናቸው፤ እዚያ ፖትላች የሚባለው የነባር ሕዝቦች የስጦታና የድግስ ሥርዓትና አብሮት ያለው ጭፈራ ከ1885 እስከ 1951 በሕግ የተከለከለ ነበር። ሰው በመጨፈሩ ይከሰስ ነበር።

የቃል ፈቃድ ከጽሑፍ ይቀላል፣ ግንኙነቱንም ያሞቃል። ይሁን እንጂ የጽሑፉን ምረጡ፣ አጭርም ቢሆን። አራት ነገር ይኑርበት፤ ፎቶው የት የት ይወጣል፣ ለስንት ጊዜ፣ ከመውጣቱ በፊት ማን አይቶ ያጸድቃል፣ እና ይውረድ ሲባል ማን ያወርደዋል። የማጽደቁ ነገር ለፎቶ አንሺ ይከብዳል፤ በዚያው ምሽት መለጠፍ እየተቻለ ሦስት ቀን መጠበቅ። ግን አንድ የእጅ ምልክት ለብቻው ተቆርጦ ሲወጣ ሌላ ትርጉም እንደሚይዝ የሚያውቀው ቡድኑ ነው። ጠብቁ።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ፎቶ የማውረዱ፣ መነሻው በአውስትራሊያ በብዙ የአቦሪጂናልና የቶረስ ስትሬት ማኅበረሰቦች ዘንድ ያለ ልማድ ነው። ሰው ሲሞት ምስሉና ስሙ ለተወሰነ ጊዜ አይወጣም፤ የጊዜው ርዝመት ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የሚወስነውም ቤተሰቡ ነው። የአውስትራሊያ ቴሌቪዥኖች ከፕሮግራም በፊት ማስጠንቀቂያ የሚያነቡት ለዚህ ነው። ለፎቶ አንሺ ይህ የፋይል አያያዝ ጥያቄ ነው። ፎቶዎችን በቀንና በትርኢት ስም ብቻ ማስቀመጥ ወይስ እያንዳንዱ ፎቶ ላይ የተወዛዋዦቹን ስም መጻፍ? ሁለተኛው ብዙ ሰዓት ይበላል። ግን ቤተሰብ ደውሎ «የሱን ፎቶዎች አውርዱልን» ሲል፣ ስሙን ፈልጋችሁ ሁሉንም በደቂቃዎች ውስጥ ታገኛላችሁ፤ ለጋዜጣ የሰጣችሁትን፣ ድረ ገጽ ላይ ያለውን፣ የቡድን ፎቶ ውስጥ ከኋላ የቆመበትን ጭምር። ስሞቹን ከቡድኑ ዝርዝር ላይ በትክክለኛ አጻጻፋቸው ውሰዱ፣ ከየትኛው ሕዝብ እንደሆኑም እነሱ በሚጽፉት መልክ አብራችሁ አስገቡ።